የጠየቀው የትኛው ፓይተን ነው?

ጉባ ላይ በሊኑክስ ኮምፒውተር ማስታወቂያ ወይም ካርታ የሚያዘጋጅ ሰው ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ አንድ ኤክስቴንሽን ሲነካ «ኖ ሞጁል ኔምድ ኤልኤክስኤምኤል» የሚል መልእክት ቢመጣበት፣ እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፓይተን ሞጁል ጫኙ ፒፕ ነው። ፒፕ አውርዶ፣ ጭኖ፣ «ተሳክቷል» ይላል፤ ኢንክስኬፕ ግን ያንኑ ስህተት ይደግማል። ዳታው ሄደ፣ ሥራው ቆመ። በእኔ እምነት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሞጁሉ ላይ ሳይሆን ጥያቄው ላይ ነው። «ምን ጎደለ?» ከማለት በፊት «ከየትኛው ፓይተን ጎደለ?» ማለት ያስፈልጋል።

አንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ፓይተን ሊኖር ይችላልና፦ የሲስተሙ፣ የአናኮንዳ፣ ስናፕና ፍላትፓክ በየራሳቸው ሣጥን ይዘው የሚመጡት። ኢንክስኬፕ ከሜኑ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ የሲስተሙን ይጠራል፤ አናኮንዳ ከነቃበት ተርሚናል ሲከፈት ደግሞ የአናኮንዳን። በአንዱ መንገድ ሠርቶ በሌላው እምቢ ካለ ምርመራው አለቀ ማለት ነው። ሥዕሉ ራሱ ያለ ችግር ተከፍቶ ኤክስቴንሽኑ ብቻ የሚሞተውም ፓይተን የሚያስፈልገው እሱ ስለሆነ ነው፤ የኤስቪጂ ፋይሉን ለፓይተኑ ኮድ የሚያነብለት ኤልኤክስኤምኤል ነው፣ ዋናው ፕሮግራም ግን አይፈልገውም።

ሞጁሉ በእርግጥ የሌለበትም ጊዜ አለ፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ቁጠባ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ኤልኤክስኤምኤልንና ነምፓይን ከኢንክስኬፕ ጋር «የሚመከሩ» እንጂ «የግድ» ብለው አላስቀመጧቸውም። ዳታ ለመቆጠብ የሚመከሩትን ትቶ የጫነ ሰው እነሱንም ትቷል። መፍትሔው «ፓይተን3-ኤልኤክስኤምኤል» የተባለውን ትንሽ ፓኬጅ በሲስተሙ ፓኬጅ ጫኝ፣ በኤፒቲ፣ መጫን ነው።

«ፍላትፓኩን አውርዶ መገላገል አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ዳታ ለሚትረፈረፍለት እውነት ነው። ነገር ግን ከነመሠረቱ በመቶዎች ሜጋባይት ይበላል፤ ሌላ ሰው የጻፈው ኤክስቴንሽን ተጨማሪ ሞጁል ሲፈልግ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ማስገባት ሌላ ጣጣ ነው። «ፒፕን አስገድደው» የሚለው ምክር የባሰ ነው። ከዴቢያን 12 ጀምሮ ፒፕ የሲስተሙን ፓይተን አልነካም የሚለው ያንን ፓይተን የሚያስተዳድረው ኤፒቲ ስለሆነ ነው፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ሲጽፉ የሚበላሸው ኢንክስኬፕ ብቻ አይደለም። ሞጁሉ ኤፒቲ ውስጥ ከሌለ ግን ፒፕ ተገቢ ነው፤ የተለየ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ተከፍቶ የኢንክስኬፕ ፕሪፈረንስ ፋይል ወደዚያ ፓይተን እንዲያመለክት ይደረጋል፣ ኤልኤክስኤምኤልም እዚያው ይገባል።

ሞጁሉ በኔት ሳይሆን ከአሶሳ ወደ ጉባ በፍላሽ የሚላክ ከሆነ፣ የሚላከው ከተቀባዩ ኮምፒውተር የኡቡንቱ ስሪት ጋር የሚገጥመው የዴብ ፋይል ይሁን። ኤልኤክስኤምኤል በሲ ተጠናቅሮ የሚመጣ ስለሆነ፣ ከፓይተን 3.10 የተገለበጠ ፎልደር 3.12 ላይ እዚያው ቁጭ ብሎ እየታየም «የለም» ያሰኛል።