ልደታ ላይ የድሮው ሰፈር የት ገባ?

ቶክዮ ውስጥ የድሮ የእጅ ባለሙያና የሠራተኛ ሰፈር ማየት የሚፈልግ እንግዳ ወደ ያናካ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1923 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብም በአመዛኙ የተረፈ ሰፈር ነው፤ የእንጨት ቤቶቹና ጠባብ መንገዶቹ ዛሬም አሉ። ለዚሁ ጉዳይ ብሎ አዲስ አበባ፣ ልደታ የመጣ ሰው ግን የሚያገኘው ኮንዶሚኒየምና የባቡር ሐዲድ ነው። የሰፈሩ የድሮ የጭቃ ቤቶች እንዴት እንደጠፉ ለመረዳት ከግሬደሩ ሳይሆን ከ1967 ዓ.ም. መነሳት ይሻላል።

በዚያ ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት አደረገ፤ ትርፍ ቤትንም ወረሰ። ከተወረሱት ውስጥ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ልደታን በመሰሉ የመሀል ከተማ ሰፈሮች የቀበሌ ቤት የበዛው በዚህ ነው። ኪራዩም ለአሥርት ዓመታት ንቅንቅ ሳይል ቆየ። በጥቂት ብር ኪራይ የቀን ሠራተኛው፣ ልብስ አጣቢዋና ባለ ጉሊቷ ከመርካቶና ከሜክሲኮ በእግር በሚደረስበት ቦታ መኖር ቻሉ። የግል አከራይ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ወደ ዳር በገፋቸው ነበር።

ችግሩ በዚያ ኪራይ ጣሪያ አለመታደሱ ነበር። ቀበሌ ገንዘብ አልነበረውም፤ ተከራዩ «እኔው ልጠግን» ቢል ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፣ ቤቱም የእሱ አልነበረም። እናም ቆርቆሮው ሲያፈስ ሸራ ይለብስ፣ ሸራውን ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጫንበት ነበር፤ ሽንት ቤቱ ደግሞ ለግቢው ሁሉ አንድ ነበር። ይህን ኑሮ እንደ ቅርስ የሚያሞግስ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ክረምት ያሳለፈ አይመስለኝም።

ለድሃው ከለላ የሆነው አዋጅ ታዲያ ሰፈሩን ለማፍረስም አመቺ ነበር። መሬቱም አብዛኛው ቤትም የመንግሥት ሲሆን ከእያንዳንዱ ባለንብረት ጋር መደራደር የለም፤ አንድ ውሳኔ ይበቃል። የልደታ መልሶ ማልማት በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ሰፊ ቦታ በአጭር ጊዜ የጸዳው ለዚህ ነው። ተነሺው ወረፋ ሳይጠብቅ ኮንዶሚኒየም የሚያገኝበት ዕድል ተሰጠው፤ ግን ቅድሚያ 20 በመቶ መክፈል፣ ከዚያ የባንኩን ወርኃዊ ዕዳ መቻል ነበረበት። ያልቻለ ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት ተቀበለ። ከቻሉትም መካከል ቤቱን አከራይተው፣ ራሳቸው ኪራይ የሚረክስበት ዳር ከተማ የገቡ አሉ።

ስለዚህ እዚህ መጎብኘት ያለበት ቤቱ ሳይሆን ማኅበራዊ ኑሮው ነው። ለዚያ ደግሞ ጥሩው ቀን ግንቦት 1፣ የልደታ ማርያም ዕለት ነው። ጎረቤት ንፍሮውንና ዳቦውን ይዞ ደጅ ወጥቶ አብሮ ይበላል፤ ወደ ሌላ ሰፈር የሄደውም ወደ ሰፈሩ የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። በሌላው ቀን የኮንዶሚኒየሙን የጋራ አገልግሎት ሕንፃዎች ማየት ይበጃል። በግ ማረድና ልብስ ማጠብ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደማይሆን ንድፉን ያወጡት ሰዎች ገብቷቸው ነው የሠሯቸው። ሐዘን ሲሆንም የዕድሩ ድንኳን በብሎኮቹ መካከል፣ መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ ይተከላል።