ከብት ሳይኖረው ከብት የሚያጓጉዝ፦ የካርቱም ጭነት ደላላ እንዴት ይሠለጥናል?

ሰኔ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ንጋት ላይ «በድር 1» የተባለች መርከብ በሱዳን ሱዋኪን ወደብ ሰጠመች። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄድ ከ15,000 በላይ በግ ጭና ነበር። መጫን የነበረባት ግን 9,000 ገደማ እንደነበር በወቅቱ ከወደቡ ተነግሯል። ሠራተኞቹ በሙሉ ተርፈዋል፤ ከበጎቹ ግን የዳኑት በመቶዎች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው።

ለነጋዴ ይህ የኪሳራ ወሬ ነው። የጭነት ድለላ ለሚማር ሰው ግን የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ባለ ከብቱ ብዙ መጫን ይፈልጋል፤ ባለ መኪናው ወይም ባለ መርከቡም እንደዚያው። «ይበቃል» ማለት ያለበት መሐል ላይ የቆመው ሰው ነው።

ይህ ሙያ ካርቱም ውስጥ በአብዛኛው የሚለመደው ገበያ ላይ ነበር። ከኦምዱርማን በስተምዕራብ ባለው የሙወይሊህ ገበያ ከኮርዶፋንና ከዳርፉር የመጣ ከብት፣ በግና ግመል ይራገፍ ነበር። ወኪሉ ተቀብሎ ያሻሽጣል፤ ዳሚኑ ከብቱ የስርቆት እንዳልሆነ ይዋሳል፤ ሲምሳሩ ገዢና ሻጭን ያገናኛል። ጀማሪው ከእነዚህ ከአንዱ ሥር ይገባል። መጀመሪያ ይላላካል፣ ይቆጥራል፣ ሹፌሮችን በስም ይለያል። ለብቻው ጭነት የሚያገናኘው ስሙን አስቀድሞ የሚያነሳለት ሰው ሲኖር ነው።

መኪና ማግኘት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የትኛው መኪና በየትኛው መንገድ እንደሚሻል መወሰን ነው። ከካርቱም ፖርት ሱዳን በአትባራ በኩል ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በገዳሪፍና በከሰላ ዞሮ ወደ 1,200 ይደርሳል። አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ርካሹ አይደለም፤ ውኃ የት እንዳለ፣ በየኬላው ምን እንደሚከፈል፣ ነዳጅ የት እንደሚገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት ከብት በሌሊት ይነዳል። ትንሹና ትልቁ ከብት አብሮ አይጫንም። የመኪናው ወለል አሸዋ ወይም ገለባ ካልተነሰነሰበት ከብቱ ይንሸራተታል፤ አንዱ ከወደቀ ሌሎቹ ይረግጡታል። የወደቀውን የሚያነሳ ሰው ከኋላ ካልተሳፈረ ደግሞ ሹፌሩ የሚያውቀው ሲደርስ ብቻ ነው።

የመልስ ጭነትም አለ። ከብት አድርሶ ባዶውን የሚመለስ መኪና የደርሶ መልሱን ዋጋ ከባለ ከብቱ ይጠይቃል። ስኳር፣ ዱቄት ወይም ሲሚንቶ ከወደብ የሚያስመልስ ደንበኛ ያለው ደላላ ግን ዋጋውን ማስቀነስ ይችላል። ደላላው ኮሚሽኑን በእውነት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ወረቀቱ ሌላ ፈተና ነው። በ2012 ዓ.ም. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሱዳን ከታየ በኋላ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ የክትባት መከላከያቸው ዝቅተኛ ነው ያለቻቸውን የሱዳን በጎች ከነመርከባቸው መልሳለች። ክትባት ከተሰጠ በኋላ መከላከያው በደም ውስጥ እስኪዳብር ጊዜ ይፈልጋል። ደላላው ሐኪም አይደለም፤ የክትባቱን ቀን ሳይጠይቅ መኪና ከቀጠረ ግን የሁለት መንገድ ኪራይ ማስከፈሉ ነው።

በትምህርት ቤት የሚገኘው ሥልጠና ይህን ሁሉ አይሸፍንም። በ1926 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተመሠረተው የጭነት አስተላላፊዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊያታ፣ በብዙ አገር የሚታወቅ ዲፕሎማ አለው። የጉምሩክ ሰነድ፣ የማጓጓዣ ውልና ኢንሹራንስ ለመማር ይጠቅማል፤ ዲክላራሲዮን ማንበብ የማይችል ደላላ ጠረፍ ላይ የሌላ ሰው መጫወቻ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ትምህርት በአመዛኙ የታሰበው ለኮንቴይነር ነው። ኮንቴይነር ውኃ አይጠማውም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲጀምር ይህ የመተዋወቅ ሰንሰለት ተበጠሰ። ከከተማው የወጣው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ በገላባትና መተማ በኩልም ወደ ኢትዮጵያ ሲሸሽ ነጋዴውና ደላላውም አብረው ተበተኑ። ሠራዊቱ በ2017 ዓ.ም. ዋና ከተማውን መልሶ ይዟል፤ የተበተነው ዳሚን ግን በአዋጅ አይሰበሰብም። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ደላላ ነኝ ሊል ይችላል። ከእነዚህ መካከል ሙያውን ከልቡ ለመማር የሚፈልግ ወጣት አለ፤ ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን የሚዘጋም አለ።

ከአዲስ ደላላ ጋር የሚጀምር ነጋዴ ገንዘብ ከመላኩ በፊት የሰሌዳ ቁጥርና የሹፌር ስም ይጠይቅ፤ ገበያው ላይ ማን እንደሚዋሰውም ይጠይቅ። የመጀመሪያው ጭነት ትንሽ ይሁን። በመንገድ የሚሞተው ከብት በማን ሒሳብ እንደሚያዝ ከመጫኑ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ። ከብት ሲሞት ሹፌሩ ምልክቱ የሚታይበት ፎቶ በዚያው ሰዓት ይላክ፤ ፎቶ ካልመጣ ከብቱ በሕይወት እንደደረሰ ተቆጥሮ ይተሳሰቡ።