የዋዜማው ማከፋፈያ

በበዓል ዋዜማ በብዙ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣዱም ማቀዝቀዣውም ከአንድ ርካሽ ማከፋፈያ ላይ ይሰካሉ። ባለፈው የትንሣኤ ዋዜማ በእኛም ቤት እንዲሁ ነበር። የማረር ሽታ ሲመጣ የወጡ ሽንኩርት መስሎን ድስቱን አማሰልን፤ የጠቆረው ግን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ማከፋፈያ ኖሯል።

በላዩ «10 አምፔር» ይላል። ይህም በ220 ቮልት 2,200 ዋት ማለት ሲሆን፣ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ያውም ጽሑፉ እውነት ከሆነ ነው፤ ብንፈታው ሽቦው ቀጭን፣ የስፒናውን እግር የሚይዘው ናስም ስስና ልል ሆኖ አገኘነው። የላላ መጋጠሚያ ይግላል፤ ግለቱም መልሶ ያላላዋል፤ በመጨረሻ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ባልቦላው የሚቆርጠው ኮረንቲው ሲበዛ እንጂ መጋጠሚያው ሲግል አይደለምና፣ ያን ሌሊት ንቅንቅ አላለም።

ዛሬ ምጣዳችን ከቆጣሪው በወፍራም ሽቦ የተሳበለት የራሱ መስመር አለው።