መብራት ጠፋ፤ ንባቡ ግን ቀጠለ

ሰበታ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ መጽሐፍ ያነባል። ድንገት መብራት ጠፋ። ሻማ የለም፣ ፋኖስ የለም፣ የእጅ ስልክ የለም፣ ጨረቃም አልወጣችም። ልጁ ግን ገጹን ገለጠና ንባቡን ቀጠለ። እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልሱን የምታውቁ አንባቢያን ለጊዜው ዝም በሉ። ከቡራዩና ከሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የምትገቡ ደግሞ የማሰቢያ ጊዜ አታጡም፤ መንገዱ ራሱ ይሰጣችኋል።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ፈረንጆቹ «ላተራል ቲንኪንግ» ከሚሉት የአስተሳሰብ ዘዴ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1967 ያስተዋወቀው የማልታው ተወላጅ ሐኪም ኤድዋርድ ደ ቦኖ ነው። በአማርኛ «የጎንዮሽ ማሰብ» ብንለው አያስኬድም አይባልም። በጀመርነው አቅጣጫ እየገፋን ሄደን መልስ ካጣን፣ የተነሣንበትን ቦታ ራሱን እንመርምር ነው ነገሩ።

ለእኛ ይህ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። «እንቆቅልህ» ሲሉን «ምን አውቅልህ» እያልን፣ መልሱ ሲጠፋን አገር እየሰጠን ነው ያደግነው። ልዩነቱ፣ በእኛ እንቆቅልሽ መላሹ ይገምታል እንጂ ጠያቂውን አይመረምርም። በዚህኛው ጨዋታ ግን መላሹ የፈለገውን ያህል ይጠይቃል፤ ጠያቂው የሚመልሰው «አዎ»፣ «አይደለም» ወይም «አግባብነት የለውም» ብሎ ብቻ ነው። ችሎት ለሚያውቅ ሰው ይህ መስቀለኛ ጥያቄ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 መሪ ጥያቄን በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ የፈቀደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ምስክሩ ሰፊ ሐተታ ከሚያቀርብ ይልቅ «አዎ» ወይም «አይደለም» ሲል፣ ያልተነገረው ነገር የት እንዳለ ቶሎ ይታያል።

ታዲያ እንዴት ይፈታል? ዋናው ሥራ ጥያቄው የተናገረውን እኛ ከጨመርነው መለየት ነው። ነብርን፣ ፍየልንና ቅጠልን አንዷን ብቻ በምትይዝ ታንኳ ወንዝ የሚያሻግረውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። (ጥያቄው ከእኛ ጋር ብቻ ያለ አይደለም፤ በአውሮፓ በስምንተኛው መቶ ዘመን የኖረው የአልኩዊን ነው በሚባል ስብስብ ውስጥ በተኩላ፣ በፍየልና በጎመን ይገኛል።) ብዙ ሰው የሚቸገረው «አንዴ የተሻገረ አይመለስም» የሚል ሕግ ለራሱ ስለሚያወጣ ነው። ማንም እንዲህ አላለውም። ፍየሏን መጀመሪያ አሻግሮ፣ ነብሩን ሲያደርስ እሷን መልሶ ይዞ ቢመጣ፣ ቅጠሉን አሻግሮ በመጨረሻ ለእሷ ቢመለስ፣ በሰባት ጉዞ ነገሩ ያልቃል።

ሌላ እንጨምር። አባትና ልጅ በመኪና ሲሄዱ አደጋ ደረሰባቸው፤ አባት ወዲያው ሞቱ፣ ልጁ ሆስፒታል ገባ። ለቀዶ ጥገናው የተጠሩት ሐኪም ልጁን ሲያዩ ደነገጡና «ልጄን በገዛ እጄ አልቀድም» አሉ። ሐኪሟ እናቱ ናቸው። ፈረንጆቹ ይህን ሲናገሩ ግሣቸው ጾታ ስለማይለይ አይቸገሩም። በአማርኛ ግን «አለ» ካልን ዋሸን፣ «አለች» ካልን ነገሩ ተገለጠ። ያወጣን አንቱታው ነው። አክብሮታችን ለእንቆቅልሽም መጠለያ ይሆናል ብዬ ከዚህ በፊት አላሰብኩም ነበር።

ስትጠይቁ ደግሞ ወደ ዝርዝር አትቸኩሉ። «ሻማው መሳቢያ ውስጥ ነው?» ብሎ ከመጀመር «መልሱ ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው?» ማለት ይሻላል። በሰበታው ጥያቄ መልሱ «አይደለም» ነው። በዚህች አንዲት ቃል የሻማ፣ የባትሪና የኮከብ ግምት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ቀጥሎ «ልጁ የሚያነበው በዓይኑ ነው?» የሚለው ይመጣል። አይደለም። ሰበታ የታወቀው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ልጁ የሚያነበው በጣቶቹ፣ በብሬል ነው። የከተማዋን ስም ከመጀመሪያው የነገርኳችሁም ለዚህ ነበር። «ማንበብ ማለት በዓይን ማየት ነው» የሚለውን ግን ጥያቄው ውስጥ የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ።

እንዲህ ያለው ጭማሪ በጨዋታ ላይ ቢቀር ባልከፋ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 ዓይነ ስውራንንና ማንበብ የማይችሉ ሰዎችን በአንድ ንዑስ አንቀጽ አስቀምጧቸዋል፤ ፊርማቸው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም። ዓላማው እንዳይታለሉ መጠበቅ መሆኑ ግልጽ ነው። ነገር ግን የማያስገድድ ፊርማ ማንም ተዋዋይ የማይፈልገው ፊርማ ነው፤ ጥበቃው ተጠባቂውን ከገበያ ያርቀዋል። ሕጉ ሲወጣ ሉዊ ብሬል ሥርዓቱን በመጽሐፍ ካሳተመ (እ.ኤ.አ. 1829) ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 12፣ አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል የሕግ ችሎታ እንዳላቸው ይደነግጋል።

እስቲ አንቀጹን በጨዋታው ደንብ እንጠይቀው። ፈራሚው ዓይነ ስውር ነው? አዎ። ስለዚህ የውሉን ይዘት ማወቅ አይችልም? አይደለም፤ በብሬል ሊያነበው፣ ስልኩም ድምፅ አውጥቶ ሊያነብለት ይችላል። ጥበቃው ያስፈለገው ሰውየው ስለማያይ ነው ወይስ የፈረመውን ስለማያውቅ? የፈረመውን ስለማያውቅ ከሆነ፣ ሁለት ጤነኛ ዓይን እያለው፣ በማያውቀው እንግሊዝኛ የተጻፈ የኢንሹራንስ ውል ገጽ በገጽ ሳያነብ የሚፈርመውን ሰው ዳኛ ፊት ቅረብ የሚለው የለም።