የመቃብር ሥፍራን በእንቆቅልሽ ስለ መጎብኘት፤ ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እስከ ሲሪንቃ

በአገራችን የልጆች ጨዋታ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የተቀበለ ልጅ መልሱ የጠፋው እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም ጎንደርን ወይም ደሴን ሰጥቶ ይገላገላል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ጨዋታ ነገሩን ገልብጦ፣ አገር የሚሰጠው ለተሸነፈው ሳይሆን እንቆቅልሹን ለፈታው ሰው ነው። ስሙም በባዕድ ቋንቋ ጂኦካሺንግ ይባላል።

አመጣጡ እንዲህ ነው። በሰማይ በሚዞሩ ሳተላይቶች አማካይነት አንድ ሰው ያለበትን ሥፍራ የሚያሳየው ጂፒኤስ የተባለው መሣሪያ፣ የአሜሪካ መንግሥት ሆን ብሎ ያደበዝዘው ስለ ነበር፣ ለሕዝብ በሚሰጠው አገልግሎት እስከ መቶ ሜትር ይሳሳት ነበር። ይህ ማደብዘዝ በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም. ሲነሣ፣ በማግሥቱ ሚያዝያ 25 ቀን ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሬገን ክፍለ ሀገር በጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ አኖረ። በውስጡም መዝገብና እርሳስ አድርጎ የቦታውን ኬንትሮስና ኬክሮስ ገለጠ፤ ፈላጊዎችም መጥተው ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው በዓለም ተሰራጭቶ ብዙ ዓይነት አፍርቷል። ከነዚህ አንዱ፣ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው፣ የቦታው ቁጥር በግልጽ ሳይነገር በእንቆቅልሽ ተሸፍኖ የሚሰጥበት ነው። ፈላጊው ከሐውልት ወደ ሐውልት እየሄደ ዓመተ ምሕረቱን፣ ቀኑንና የፊደሉን ብዛት ይለቅማል፤ የለቀመውን ደምሮና ቀንሶ ወደ መጨረሻው ሥፍራ ይደርሳል። በየመካከሉ ምንም የተደበቀ ዕቃ የለም። ስለዚህ ለታሪካዊ መቃብር ይህ ዓይነቱ ይስማማል፤ መቃብሩ ይነበባል እንጂ አይነካምና።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገባ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩትንና የሚታሰቡትን ይዘን አንድ እንቆቅልሽ አዘጋጅተናል። በካቴድራሉ ውስጥ እቴጌ መነን አርፈዋል፤ የሞቱትም የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በቅጽሩ ለኢትዮጵያ ነፃነት በብዕሯ የታገለችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት ተቀብራለች፤ ያረፈችው በ1953 ዓ.ም. መስከረም 17 ቀን፣ በዕለተ መስቀል ነበር። እንዲሁም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተረሸኑት ስልሳ ያህል ባለሥልጣናት መታሰቢያ አለ። ከነዚህ ከሦስቱ የሚከተለው ስሌት ይወጣል።

እቴጌይቱ ያረፉበት ቀን 8 ነው። በእርሱ ላይ የ1967 ዓ.ም. ወንጌላዊ ይጨመራል። ይኸውም በባሕረ ሐሳብ እንደ ተማርነው 5500 ሲደመርበት 7467 ይሆናል፤ ይህ ለአራት ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ ሦስት የተረፈበትም ዘመነ ሉቃስ ነው። 8 እና 3 ተደምረው 11 ይሆናሉ። ቀጥሎ የ1954 የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ተገልብጠው 45ን ይሰጣሉ። ከሲልቪያ ዓመት ከ53 ላይ የኅዳሩ 14 ሲቀነስ 39፣ ከዚያው ከ53 ላይ የመስቀሉ 17 ሲቀነስ 36 ይቀራል። ስለዚህ መልሱ ሰሜን 11 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ፣ ምሥራቅ 39 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ነው። ካርታውን የዘረጋ ሰው ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ የሐብሩ ወረዳ በሆነችው በሲሪንቃ ላይ ጣቱን ያሳርፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች መኖራቸውን አንባቢ ልብ ይበል። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የሲልቪያን ዓመት በፈረንጅ 1960 ብሎ የያዘ ሰው በ53 ፈንታ ከ60 ላይ ስለሚቀንስ ምሥራቁን 46 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ አድርጎ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ውኃ ውስጥ ይገባል። ሁልጊዜ ሰባት ይቀነስ የሚል ደንብ ይዞ የሄደም አይድንም፤ ለሲልቪያ ልዩነቱ ሰባት ሲሆን በየካቲት ላረፉት ለእቴጌ መነን ስምንት ነውና። ሁለተኛው የግዕዝ አኃዝ ነው። ዜሮ ስለሌለውና አሥሮቹ የራሳቸው ምልክት ስላላቸው ፶፬ን ገልብጦ ፬፶ ብሎ መጻፍ ትርጉም የለውም፤ ፵፭ ለማግኘት አስቀድሞ ወደ 54 መመለስ ግድ ነው። ፲፱፻፶፫ ተብሎ የተቀረጸ ድንጋይ ፊት የቆመ ተማሪ አኃዙን ማንበብ ካልቻለ ጉብኝቱ እዚያው ያበቃል። ለመምህራን ደግሞ ባሕረ ሐሳብን በእግር እያስኬዱ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ዘዴ የሚገኝ አይመስለንም።

ሲሪንቃን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሲሪንቃ ስም በሊቃውንት ዘንድ የታወቀው በግብርና ምርምር ማዕከሉ ነው፤ ከፍታዋ 1850 ሜትር ያህል መሆኑም ከዚያ በወጡ ጽሑፎች ይገኛል። ነገር ግን በዚህ በየጁ ምድር መቃብሩ እንደ ካቴድራሉ ቅጽር በጽሕፈት አይናገርም። ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ይቀበራል፤ የድሮው መቃብር ብዙውን ጊዜ የድንጋይ ክምር ብቻ ነው። እስላሙም ከራስጌና ከግርጌ ድንጋይ አቁሞ ስም ሳይጽፍ ይተወዋል፤ ይህም ከድህነት ሳይሆን ከሃይማኖት ትሕትና የመጣ ነው። እንደ ዳና ያሉት የሼሆች መካናት በዚያራ ስለሚዘወተሩ ታሪካቸው በቃልም በመጽሐፍም ተጠብቋል፤ ሟቹ የታሪክ ሊቅ ሑሴን አሕመድ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ስለ ወሎ እስልምና በጻፉት፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፍ ስለ ወሎ ሼሆች በሰፊው ይገኛል። የተራው ገበሬ መቃብር ግን የማን እንደ ሆነ የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት ነው። እነርሱ ሲያልፉ ድንጋዩ ስም አልባ ይሆናል፤ ይህን ለመመለስ የሚችል መሣሪያም የለም።

ስለዚህ በሲሪንቃ የሚደረግ ጉብኝት የካቴድራሉን መንገድ መከተል አይችልም። በድንጋይ ላይ ካለው ጽሕፈት ፈንታ ጥያቄው ለሰው መቅረብ አለበት። በወሎ ቀባሪውም አስተዛዛኙም ቅሬ ነው፤ በብዙ ቦታም እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይረዳዳሉ። ፈላጊው አስቀድሞ ከቅሬው አባቶች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪና ከመስጊዱ ኢማም ፈቃድ ይጠይቅ፤ ጥያቄውንም እዚያው ያቅርብ። ለቅሶ ባለበት ቀን ጉብኝት አይኖርም።

አንዳንዶች መቃብር የጨዋታ ሥፍራ አይደለም ይላሉ። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በከፊልም እንቀበለዋለን። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወልድያና በአካባቢዋ ባለፈ ጊዜ የተቀበሩት ሰዎች መቃብር በምንም ዓይነት የእንቆቅልሽ ቁጥር ሊሆን አይገባውም፤ እናቶቻቸው ገና ያለቅሳሉና። ሣጥን በመሬት ውስጥ መቅበርም የተከለከለ ነው። የጨዋታው ደንብ ራሱ ያለ ባለይዞታው ፈቃድ መቆፈርን አይፈቅድም፤ ጦርነት ባለፈበት አገር ደግሞ በሣር ውስጥ የተሸሸገ ቆርቆሮ ያየ እረኛ ምን ሊያስብ እንደሚችል ግልጽ ነው።

በምሳሌያችን ቁጥሩን በደቂቃ አቁመን ክፍልፋዩን የተውነውም ስለዚሁ ነው። አንድ ደቂቃ በምድር ላይ 1850 ሜትር ያህል ይሆናል፤ የደቂቃ ሺኛ ክፍል ግን ከሁለት ሜትር በታች ስለ ሆነ እንግዳውን ከአንድ ሰው መቃብር ራስጌ ያቆመዋል። እስከ መንደሩ በስሌት ይደረስ፤ ከመንደሩ እስከ መቃብሩ ያለውን መንገድ የአገሩ ሰው ያሳይ። መዝገቡም ከመቃብሩ ርቆ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ጎብኚው የራሱን ስምና ቀን ብቻ ሳይሆን፣ ሽማግሌዎቹ የነገሩትን፣ በየትኛው ድንጋይ ሥር ማን እንዳረፈና ከማን እንደ ሰማው፣ ቤተ ዘመድ ከፈቀደ በዚያ ይጻፍበት።