የቀድሞ ጢም መላጫዎች እንዴት ይመዘናሉ?

ኪንግ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘበት መላጫ፥ በሁለት ወገን የተሳለ ስስ ምላጭ በክዳንና በመከላከያ መካከል የሚይዝ ነው። በ1958 የወጣው የጂሌት መላጫ ደግሞ በምላጩና በመከላከያው መካከል ያለውን ክፍተት በ9 ደረጃ ያስተካክላል። ሁለቱን ለማነጻጸር ስንሻ አንድ ዓይነት አዲስ ምላጭ ልናስገባባቸው ይገባናል፤ አለዚያ የምንመዝነው የምላጩን ስለት እንጂ የመሣሪያውን ጠባይ አይደለም።

ክፍተቱ ሲሰፋ ጢሙ ከሥሩ ይቈረጣል፤ ቆዳውም በቀላሉ ይቈስላል። ነገር ግን ከሥሩ መቍረጥ ብቻውን ብልጫ አይደለም። ጠጕራችን የተጠቀለለ ከሆነ፥ እጅግ አጥብቀን ስንላጭ የተቈረጠው ጫፍ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባና ያሳብጣል። ስለዚህ መላጫውን በዕለቱ ልስላሴ ብቻ አንፍረድ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ፊታችንን እንመርምር።