መድኃኒትና የዓይን ግፊት

በሰው ዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭና ዘወትር የሚፈስ ጥቂት የጠራ ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ እንባ አይደለም፤ ወደ ውጭም አይወጣም። ለዓይን ጥቁር ወይም ቡናማ መልክ ከሚሰጠው አይሪስ ከተባለው ስስ መጋረጃ በስተኋላ ይመነጭና በብሌኑ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ፊት ያልፋል። ከዚያም የአይሪስ ጠርዝ ከዓይን የፊት ሽፋን ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን በኩል ተጣርቶ ወደ ደም ሥር ይገባል። የሚመነጨውና የሚፈሰው መጠን ሲመጣጠን የዓይን ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል።

የአንዳንድ ሰዎች ዓይን ግን ማዕዘኑ ከተፈጥሮው ጠባብ ነው። ዕድሜ በገፋ ቁጥርም የዓይን ሌንስ ስለሚወፍር ይበልጥ ይጠባል። ባለቤቱ አንዳች ሕመም አይሰማውምና ይህን አያውቅም።

እንዲህ ያለው ሰው ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ሲታፈን ፕሴዶኤፌድሪን ያለበትን ክኒን ዋጠ እንበል። መድኃኒቱ አፍንጫውን ሲከፍትለት ብሌኑንም ሊያሰፋው ይችላል። ብሌኑ በመጠኑ በሰፋ ጊዜ አይሪስ ከሌንሱ ጋር ተጣብቆ ፈሳሹን ያግዳል፤ የታገደውም ፈሳሽ አይሪስን ወደ ፊት ነፍቶ ማዕዘኑን ይዘጋዋል። ለአለርጂ የሚሰጠው ፕሮሜታዚን፣ ለድብርት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ አትሮፒንም ይህንኑ ሊያደርሱ ይችላሉ። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው፣ የበላውን ሰው ስለሚያስቀባጥር ስሙን ያገኘው አስተናግር እንኳ አትሮፒን አለበት።

ግፊቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ40 በላይ ሊወጣ ይችላል። ዓይን ይቀላል፤ እይታ ይደበዝዛል፤ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት ይታያል። ራስ ምታቱና ትውከቱ ሲበረታ ግን ሕመምተኛው የዓይኑን ነገር ይረሳውና ሆዴን ይላል። ለቁርጠት ተብሎ ሃዮሲን ቢሰጠው ደግሞ ያው ብሌን አስፊ መድኃኒት ተጨመረበት ማለት ነው። በዚህ መካከል የሚባክነው ጊዜ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ የሞተ የዓይን ነርቭም አይመለስም።

በብዙ መድኃኒቶች መግለጫ ላይ ግላኮማ ያለበት ሰው እንዳይወስዳቸው ይጻፋል። የሚያሳዝነው ግን ማስጠንቀቂያው የሚመለከተውን ሰው መሳቱ ነው። ግላኮማ እንዳለበት ተነግሮት በሕክምና ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ማዕዘኑ ክፍት በመሆኑ ለዚህ አደጋ እምብዛም አይጋለጥም፤ ማዕዘኑ የጠበበው ደግሞ በሽታ እንዳለበት ስለማያውቅ ጽሑፉን አንብቦ ያልፈዋል። ማዕዘኑን ለይቶ ማየት የሚችለው በልዩ መሣሪያ የሚመረምር የዓይን ሐኪም ነው።

ሐኪሙ በአሴታዞላሚድና በዓይን ጠብታ ግፊቱን ካወረደ በኋላ በሌዘር ጨረር አይሪስን በጥቂቱ ይበሳዋል፤ ፈሳሹም በዚያ አቋራጭ ያልፋል። ጀርመናዊው ሐኪም አልብሬኽት ፎን ግሬፌ እ.ኤ.አ. በ1857 ተመሳሳዩን ሕክምና አይሪስን ቆርጦ በማውጣት እንደሚፈጽም አስታውቆ ነበር። ያልታመመው ዓይን አሠራሩ ከታመመው ጋር አንድ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ሕመም ሳይጀምረው እርሱንም አብሮ ይበሳዋል።